«ቆንጆ ናት፤ ግን እናቴ አይደለችም»

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ቤተሰቦቼ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናቸው። አያቶቼ በ1962 ዓ.ም. ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ወርደው የተነሱት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ወንድ አያቴ በርኖስ ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሴት አያቴ አጠገባቸው ቆመዋል። እናቴ የአምስት ዓመት ልጅ ሆና መሐላቸው አለች። ሴት አያቴ ከዚህ ሌላ ፎቶ የላቸውም።

አምና ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ውሃ በፍሬሙ ጀርባ ገባ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ዳር ዳሩ ሻገተ፤ የሴት አያቴ የግራ ጉንጭም ነጭ ሆነ። በስልኬ አንስቼ አንድ ፎቶ ቤት በቴሌግራም ላክሁላቸው። በማግሥቱ በቀለም ሠርተው መለሱልኝ። አያቴ የፊልም ተዋናይ መስለዋል፤ የአንገታቸው ንቅሳት የለም። እናቴ አየችውና ‹ቆንጆ ናት፤ ግን እናቴ አይደለችም› ብላ አልቅሳ ገባች። ወንድሜ ደግሞ ‹በሌላ አፕ እንሞክረው፤ እንዲያውም እንድትንቀሳቀስ አድርገን ለገና ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እናሳይ› ይላል። ፎቶውን ከመስታወቱ ላላቀው? መጠገንስ ይቻላል? ወይስ እንዳለ እንተወው?

ግራ የገባት ልጅ»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ አደራ። ፎቶውን ከመስታወቱ ለማላቀቅ አትሞክሪ። በቢላም፣ በጥፍርም፣ በእንፋሎትም። «ትንሽ ውሃ ነካ ብታደርጊው ይለቃል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ አትስሚው። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ወረቀቱ ውስጥ አይደለም። ወረቀቱ ላይ በተቀባ ስስ የጂላቲን ንጣፍ ውስጥ ነው። ጂላቲን ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነገር ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲደርቅ ደግሞ የነካውን ይዞ ይቀራል። ምስሉን የሠሩት ጥቃቅን የብር ማዕድን ቅንጣቶች እዚያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ስትጎትቺው ወረቀቱ ይመጣልሻል፤ አያትሽ መስታወቱ ላይ ይቀራሉ።

የተጣበቀ ፎቶን ማላቀቅ የሚችሉ ባለሙያዎች በዓለም ላይ አሉ። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ እንደተጣበቀ በካሜራ ያነሱታል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን የሚያስገቡት። አንቺም የመጀመሪያውን ሥራ ሥሪ፤ ሁለተኛው ይቆይ።

የፍሬሙ ጀርባ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ የረጠበውን ካርቶን ብቻ አውጪው። ፎቶው መስታወቱ ላይ እንዳለ አግድም አስተኝተሽ፣ ነፋስ የሚገባበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ይቆይ። ምድጃ አጠገብ አይሁን፤ ፀሐይ ላይም አይሁን። በችኮላ የደረቀ ጂላቲን ይሰነጠቃል። ሻጋታውን አትጥረጊው። ስትነኪው ደጅ ሆነሽ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ይሁን፤ የሻጋታ ብናኝ ለሳንባ አይበጅም።

በጉንጩ ነገር ደግሞ ገና ተስፋ አትቁረጪ። ማታ የስልክሽን ባትሪ አብሪና ብርሃኑን ከጎን፣ ከመስታወቱ ጋር እኩል አድርገሽ ላኪው። ነጩ ቦታ ፀጉር ፀጉር ያለ፣ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ከሆነ ሻጋታ ነው። ሥሩ ምስል ሊኖር ይችላል። ልሙጥ ነጭ ከሆነና የወረቀት ጭረት ከታየሽ ግን ንጣፉ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱ በኮምፒውተር የሚያዙበት መንገድ የተለያየ ነው። የፎቶ ቤቱ ልጅ ይህን ሳያይ ነው ሥራ የጀመረው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። እናትሽ ትክክል ናቸው። ያቺ ሴት እናታቸው አይደለችም። ይህን የምለው ላባብላቸው ብዬ አይደለም፤ ነገሩ በሒሳብ የሚታይ ነው።

የፎቶው ቁመት 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የአያትሽ ፊት ከግንባር እስከ አገጭ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኪለት ይጨምቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያወርደዋል። 1280ን ለ12 ስታካፍይው ለአያትሽ ፊት የሚደርሰው 107 ፒክስል ገደማ ነው። ፍሬሙና ግድግዳው አብሮ ተነሥቶ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የግራው ጉንጭ የለም። እንግዲህ ዓይን፣ ሽፋሽፍት፣ የከንፈር መስመር፣ የቆዳ ሽብሽብ ከየት መጣ? ከአያትሽ አልመጣም።

ፊት የሚያጠሩት የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች የጠፋውን ፈልገው አያመጡም። እጅግ ብዙ የሰው ፊት አይተው ፊት ምን እንደሚመስል ተምረዋል። የደበዘዘ ፊት ስትሰጫቸው «እዚህ ቦታ ላይ ሊሆን የሚችለው ይህ ነው» ብለው አዲስ ይስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂኤፍፒጋን የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው፤ በነጻ ስለተለቀቀ ማንም አፕ ሠሪ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። ከእሱ በኋላ የመጣ ኮድፎርመር የሚባል ደግሞ አለ። እሱን የወደድኩለት ሐቁን ስለማይደብቅ ነው። ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ማስተካከያ አለው። ወደ 0 ስትወስጂው ፊቱ ጥርት ብሎ ያምራል፤ ግን ከሰውየው ይርቃል። ወደ 1 ስትወስጂው ለዋናው ፎቶ ታማኝ ይሆናል፤ ግን ብዥታው አብሮ ይቀራል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ውበቱንና እውነቱን በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ አስቀምጠውታል። ፎቶ ቤቶች የትኛውን ጫፍ እንደሚመርጡ አንቺው አይተሽዋል። ደንበኛ «ዋው» እንዲል ነው የሚፈልጉት።

እኔ በሙሉ ኤአይን አልቃወምም። የጭረት ምልክትን፣ ከጀርባ ያለውን የመጋረጃ እድፍ፣ የወለሉን ነጠብጣብ ያጽዳልሽ፤ ጊዜ ይቆጥብልሻል። ፊት ላይ ግን እጁን አያስገባ። የተቀደደ ነጠላ የሚጠግን ሰው ቀዳዳዋን ይይዛታል እንጂ ነጠላውን እንደገና አይሸምንም። ፎቶ መጠገንም እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። ጥሩ ፎቶ አንሺ አያስፈልግሽም፤ የአንቺው ስልክ ይበቃል። አነሣሡ ላይ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

የመስታወቱን ፊት በጣም በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊ። የዓመታት የኩበት ጭስ ካለበት ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ውሃ መስታወቱ ላይ አትርጪ፤ በዳር በኩል ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ፍሬሙን መስኮት አጠገብ ወለል ላይ አስተኚው። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ እንጂ ከአናቱ አይሁን። ደመና ያለበት ቀን ይመረጣል፤ እናንተ አገር ደመና አይቸግርም። የቤቱን አምፖል አጥፊ። ፍላሽ በፍጹም።

ስትቆሚ መስታወቱ ላይ የራስሽን ፊትና የስልክሽን ጥላ ታያለሽ። መፍትሔው ጥቁር ጨርቅ ነው። ለሌንሱ የምትሆን ቀዳዳ አብጂለትና በስልኩና በመስታወቱ መሐል ይጋረድ። እናትሽ አንዱን ጫፍ ይያዙልሽ። መስታወቱ ከጥቁር ጨርቅ በስተቀር የሚያንጸባርቀው ነገር ሲያጣ አያቶችሽ ብቻ ይቀራሉ። ስልኩን በጣም አታስጠጊው፤ ትንሽ ራቅ ብለሽ ሁለት እጥፍ አጉይው። ቀጥ ብለሽ ከላይ አንሺ፤ ከተዘነበለ የወንበሩ እግር ይጠማል፣ ፊትም ይረዝማል። በእጅሽ ነክተሽ ከምታነሺ በሰዓት ቆጣሪው ይሁን።

ጥቁሩ ቦታ ላይ፣ ምናልባት በርኖሱ ላይ፣ ሰማያዊ የመሰለ የብረት ወዝ ልታዪ ትችያለሽ። በእርጥበትና በዕድሜ የብሩ ማዕድን ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ስልኩን ሳታነቃንቂ ፍሬሙን በወለሉ ላይ ቀስ እያልሽ አዙሪው። የሆነ ማዕዘን ላይ ወዙ ይጠፋል። ያኔ አንሺ። ከዚያም ባትሪውን ከጎን አብርተሽ አንድ ተጨማሪ አንሺ። እሷ ለማየት አታምርም፤ ግን የትኛው ስንጥቅ እንደሆነ፣ የትኛው ምስል እንደሆነ ኋላ የምትነግርሽ እሷ ናት።

«ስካነር አይሻልም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ለሌሎቹ፣ መስታወት ላይ ላልተጣበቁት ፎቶዎች፣ አዎ ይሻላል። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ስካነር ያለው ጽሕፈት ቤት አይጠፋም። ለዚህኛው ግን ተጠንቀቂ። በኮምፒውተሩ ገመድ ብቻ የሚሠሩት ስስ ስካነሮች አጥርተው የሚያዩት በላያቸው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ ነው። በመሐል የፍሬም መስታወት ሲገባ ምስሉ ይደበዝዛል። ወፍራሞቹ፣ መብራትና ሌንስ ያላቸው የድሮዎቹ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ያለውንም ያያሉ።

ስካን ስታስደርጊ «600 ላይ አድርጉልኝ» በያቸው፤ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው። 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ከተነሣ ሁለት እጥፍ፣ 18 በ24 ሆኖ በጥራት ይታተማል። ለጉርድ ፎቶ 1200 ይሁን። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይነሣ፤ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ። ሲያስቀምጡትም ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ይሁን እንጂ ጄፔግ በሚባለው አይሁን። ጄፔግ ከፍተሽ አስተካክለሽ ባስቀመጥሽው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል። የ9 በ12ቱ ቲፍ 18 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፍላሽ ላይ ምንም ቦታ አይዝም። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ «ፋይል» ብለሽ ላኪው እንጂ «ፎቶ» ብለሽ አትላኪው። ፋይል አይጨመቅም።

በቀለም ይነሣ ያልኩት ለዚህ ነው። ውሃ የገባበት ፎቶ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቢጫ እድፍ ያወጣል። ማንኛውም ባለቀለም ምስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ንጣፎች አሉት። ቢጫ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ በሰማያዊው ንጣፍ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በቀዩ ንጣፍ ላይ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይም ሆነ በነጻ በሚገኘው ጊምፕ ላይ ሦስቱን ለየብቻ ማየት ይቻላል። ቀዩን ወስደሽ ጥቁርና ነጭ ስታደርጊው ግማሹ ሥራ ያለ አንዳች ቅብ አለቀ ማለት ነው። ይህን ለሚሠራልሽ ሰው ንገሪው። ካወቀው ሙያ አለው። ካላወቀው ሌላ ሰው ፈልጊ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ምኑ ብልሽት ነው? ምኑስ ሰውየው ነው?

የአንገት ንቅሳቱን ማሽኑ ለምን አጠፋው? ማሽኑ የሚያየው በቆዳ ላይ የተዘረጋ ጥቁር መስመር ነው። ቆሻሻ የገባበት የፎቶ ስንጥቅም በቆዳ ላይ የተዘረጋ ጥቁር መስመር ነው። እሱ ዘንድ ልዩነት የላቸውም። የመንዝ ሴት አንገት ላይ ንቅሳት እንደሚኖር የነገረው የለም። የእናንተው ፎቶ ቤት ልጅ ግን ያውቅ ነበር፤ የእሱም አያት ሳይኖራቸው አይቀርም። እሱ ላይ ነው ያዘንኩት።

ልዩነቱን በዓይንሽ መለየት ትችያለሽ። ስንጥቅ ድንበር አያውቅም። ከአንገት ተነሥቶ ነጠላውን አልፎ መጋረጃው ላይ ይደርሳል፤ ቀጥ ያለ ነው ወይም እንደ መብረቅ ይሰበራል። ንቅሳት ቆዳው ሲያልቅ ያልቃል። ከአንገቱ ጋር ይጎብጣል፤ ጎን ላይ ሲደርስ መስመሮቹ ይቀራረባሉ። ማተብም እንዲሁ ነው። አጉልተሽ ስታዪው ከሥሩ ቀጭን ጥላ አለው፤ ጭረት ግን ጥላ የለውም። ማሽን ማተብን ጭረት ነው ብሎ ሊያጠፋው እንደሚችል አስቢው። ማተቡን የተበጠሰ ሰው ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም።

ወንድ አያትሽም ዘንድ ተመልሰሽ ሂጂ። የበርኖሱን ትከሻ ሹል ጫፍ አስቀርተውታል ወይስ አለስልሰው ኮት አድርገውታል? በርኖስ የማያውቅ ማሽን ያቺን ሹል ከመጋረጃው ጋር አዋሕዷት ሊሆን ይችላል። የግንባር ጠባሳ ካላቸው አለ ወይ? ጎፈሬያቸውስ ቅርጹን ይዟል? የቆዳቸው መልክስ? እነዚህ አፖች ጠይም ሰው ማንጣት ይወዳሉ። እንዲያው ልማድ ሆኖባቸዋል።

ስለዚህ አንድም ነገር ሳይጸዳ በፊት ይህን አድርጊ። ያነሣሽውን ፎቶ እንዳለ፣ ከነእድፉ፣ በኤፎር ወረቀት ላይ በትልቁ አሳትሚ። መሐል ሜዳ ይዘሽው ሂጂ። እናትሽ መነጽራቸውን ያድርጉ፤ እስክርቢቶ ስጫቸው። ጣትሽን እያሳረፍሽ ጠይቂ። «ይቺ ምንድን ናት? ጠባሳ ናት ጭረት?» «ይሄ የነጠላው ጥለት ነው ወይስ እጥፋት?» «እጃቸው ላይ ያለው አምባር ነው?» የሰው የሆነውን ሁሉ ያክብቡ። የተከበበው አይነካም። ሌላው ይጽዳ። የአምስት ዓመት ልጅ ሁሉን አታስታውስም ትይ ይሆናል። ግን እናትሽ ያንን አንገት ለብዙ ዓመታት አቅፈውታል። ከእኔም፣ ከፎቶ ቤቱም፣ ከኮምፒውተሩም ይልቅ ያውቁታል። ስልክሽ ድምፅ እየቀዳ ይሁን። ስለ ፎቶው የሚያወሩት ከፎቶው የማያንስ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎችም እንዲህ ንጹሐን አልነበሩም። ኔጋቲቩን በእርሳስ እየነካኩ ሽብሽብ ያለሰልሱ፣ ቅንድብ ያጠቁሩ ነበር። እናትሽ «እማማ ቅንድቧ እንዲህ አልነበረም» ካሉ አትደነቂ። እሱን እንዳለ ተዪው፤ እሱም የ1962ቱ ሰው ሥራ ነው።

ጽዳቱ ራሱ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ ብዙ የሚነገርለት ነገር የለውም። ዋናው ምስል ሳይነካ በላዩ ባዶ ሌየር፣ እንደ መስታወት ሥሩን የሚያሳይ ንጣፍ፣ ይዘረጋል። ሂሊንግ ብረሽና ክሎን ስታምፕ በሚባሉት የፕሮግራሙ መሣሪያዎች፣ ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ቦታ እየተወሰደ፣ ትንሽ ትንሽ ይደፈናል። ሌየር ላይ ከተሠራ የማትወጂውን ማጥፋት ይቻላል። ወንድምሽ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ከሆነ በጊምፕ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በየመሐሉ ምስሉን ወደ ትክክለኛ መጠኑ እያሳነሰ ይየው፤ በጣም አጉልቶ ብቻ የሚሠራ ሰው የሸክላ ፊት ሠርቶ ይጨርሳል።

የጠፋው ጉንጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጋታ ከሆነና ሥሩ ምስል ካለ ንፅፅሩን በማስተካከል ብዙውን ማውጣት ይቻላል። ከነጭራሹ ከሄደ ሦስት ፈተና ይመጣብሻል። አንደኛው፣ የቀኙን ጉንጭ ገልብጦ መለጠፍ ነው። አታድርጉት። የሰው ፊት ሁለቱ ጎን አንድ አይደለም፤ ብርሃኑም ከአንድ በኩል ነው የመጣው። ውጤቱ የሚያስፈራ ፊት ነው። ሁለተኛው፣ «እናቴ ቁርጥ እሷን ናት» ብሎ የእናትን ጉንጭ መዋስ። ያምራል፤ ውሸት ነው። ሦስተኛው ኤአይ፣ እሱን አይተሽዋል።

የምመክርሽ ይህንን ነው። የጠፋውን ቦታ ዙሪያውን በሚመስል ለስላሳ ግራጫ ይድፈኑት። ነጩ ጉድጓድ ዓይን መውጋቱን ይተዋል፤ የሌለ ነገርም አልተሳለም። ጥቂት ራቅ ብሎ የሚያይ ሰው አእምሮው ራሱ ይሞላዋል። እናትሽም የሚሞሉት በእናታቸው ፊት ነው። ሌላ ፎቶ ከተገኘ፣ ያውም ፊታቸው በዚያው አቅጣጫ የዞረ ከሆነ፣ ከእሱ ወስዶ መጠገን ይቻላል። ያኔም ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በተጠገነው ጀርባ ላይ ጉንጩ ከየት እንደመጣ ይጻፍበት።

ስለ ቀለሙ አጭር ልሁን። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለሙን አልያዘም። ማሽኑ ይገምታል፤ የጥለቱን ቀለም ከየትም ሊያውቅ አይችልም። እናትሽ «ጥለቱ አረንጓዴ ነበር» ብለው ካስታወሱና ቀለም ከፈለጉ ለጨዋታ አንድ ቅጂ ይሠራ። የሚሰቀለው ግን ጥቁርና ነጩ ይሁን።

ወደ ፎቶ ቤት የምትመለሺ ከሆነ ፍሬሙን ጥለሽላቸው አትሂጂ። ፋይሉን ብቻ ስጫቸው። «ፊቱን በአፕ ነው በእጅ የምትሠሩት?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። የፊቱን ሥራ ከመታተሙ በፊት ማየት እንደምትፈልጊ፣ ሌየሩ ያልተጨፈለቀውን ፋይልም በፍላሽ እንደምትወስጂ ተነጋገሩ። ዋጋም በዚያ ላይ ቁረጡ። በመጀመሪያው ሥራ ላይ አትጣሏቸው፤ የሰጠሻቸው ፋይልም የሚረባ አልነበረም።

ፋይሉን ስም አውጪለት። «አይኤምጂ» ምናምን ብሎ አይቅር። ማን ማን እንዳለበት፣ የት እንደተነሡ፣ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ዓመቱን ስትጽፊ «ዓ.ም.» ማለትን አትርሺ። ጥር 11 ቀን 1962 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 1970 ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ዝም ብለሽ 1962 ካስገባሽ ስልኩ እናትሽ ገና ሳይወለዱ ፎቶ ያስነሣቸዋል። የፎቶው ጀርባ ከታየሽም አንሺው። የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም «ለመታሰቢያ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል።

ዋናው ፎቶ ከመስታወቱ ጋር እንዳለ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አግድም ይተኛ። ፌስታል ውስጥ አይግባ፤ እርጥበቱን ያፍነዋል። ስኮች አይነካው፣ ላሚኔት አይደረግ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ነው። እሱም ቢሆን ከደጅ በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ አይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያ ግድግዳ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ምድጃው ሲነድና ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሠራል። ጣሪያችሁ ባያፈስስም ፎቶው ከዓመት ዓመት በዚያ ጤዛ ሲረጥብ ኖሮ ይሆናል። በመሐል በኩል ባለው ግድግዳ ስቀሉት። በመስታወቱና በቅጂው መሐል ደግሞ ዙሪያውን የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ እንዳይነካካ።

አሁን የወንድምሽ ነገር። ክፉ አላሰበም። ፎቶን የሚያንቀሳቅሱ አፖች እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በሰፊው መጥተዋል፤ ሰው ደስ ብሎት ያያቸዋል። ግን እነዚያ ላይ የሚንቀሳቀሰው ፊት የአያትሽ አይደለም። ዓይናቸውን የሚያርገበግቡት፣ አንገታቸውን የሚሰብቁት በሌላ ሰው አኳኋን ነው። እናትሽ በማይንቀሳቀሰው ላይ እንዲህ ከሆኑ፣ በገና ቀን፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ሳይጠየቁ እናታቸው ስትጠቅሳቸው ቢያዩ ምን እንደሚሆኑ እሱም ያስበው። ቢያንስ ለብቻቸው አስቀድሞ ይጠይቃቸው። «አልፈልግም» ካሉ አለቀ።

እሱን የሚያህል ጉልበት ያለው ልጅ ግን ሥራ አይጣ። አያቶችሽ በዚያ ጥምቀት ከአንድ ቅጂ በላይ አሳጥበው ሊሆን ይችላል። የዚያ ዘመን ሰው ፎቶ ሲነሣ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለክርስትና ዘመድ ይልክ ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱ ደሴ አልበም ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። አያትሽ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በሕይወት ከነበሩ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ አውጥተው እንደሆነ ይጠየቅ፤ መታወቂያ ላይ ጉርድ ፎቶ አይጠፋም። ወንድምሽ አፑን ዘግቶ ስልኩን ያንሣና ዘመድ አዝማዱን በሙሉ ይደውልላቸው። በዕድሜ ከገፉት ይጀምር።